አምስተኛው ቁራጭ

ስልኩ ሲጠራ ጣቶቼ ላይ ሙጫ ነበር። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ ተቀምጬ አዲስ በመጡ መጻሕፍት ጀርባ ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ። ረፋድ ነው። ስልኩን በትንሿ ጣቴ ከፍቼ በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ያዝኩት። የሆስፒታሉ ነርስ ነበረች። ስሜን ቀስ ብላ ጠራች። ነገሩ የገባኝ ከአጠራሯ ነው።

«እህትሽ አረፉ» አለችኝ። «እንደ ተኙ ነው። አልተጨነቁም።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። በእጄ የነበረውን ቁጥር መጽሐፉ ላይ ለጠፍኩ፤ አየር እንዳይገባበትም በአውራ ጣቴ ዳበስ ዳበስ አደረግኩት። እጄን የታጠብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣችው እትዬ ብትሆን ደስ ባለኝ። አልነበረችም። የመጣብኝ ጉልበቴን የሚነካው የጠረጴዛዬ መሳቢያ ነው። እዚያ ውስጥ፣ ከተማሪዎች የውሰት ካርዶች ሥር፣ በሸሚዝ መጠቅለያ ወረቀት የተለበጠ የአንድ መጽሐፍ ቁራጭ አለ። ለእትዬ እንዳደርስ የተሰጠኝ ነው። መሳቢያው ውስጥ ከገባ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

እትዬ ማን እንደ ነበረች ልናገርና ወደ መሳቢያው እመለሳለሁ። ከእኔ ሌላ ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው የለም።

እትዬ በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የተቀደደ ስትጥፍ የኖረች ሴት ናት። ላውንደሪው ምድር ቤት ነው። ሰባት ሴቶች ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይተኩሳሉ፤ እሷ ስምንተኛዋ ሆና በአንዲት ከፍ ያለች መስኮት ሥር ትቀመጣለች። የአንሶላ ቀዳዳ ትጥፋለች፣ የእንግዳ ሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፣ የመጋረጃ ጠርዝ ታጥፋለች። በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። «የዚህን ከተማ ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ» ትል ነበር፣ «ከቁርጭምጭሚት በታች።»

የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። በሙያዋ ብቻ አይደለም። ቀጭን ናት፤ ነገርም ትወጋለች፤ ወግታ ስታበቃ ግን የቀደደችውን ትሰፋለች።

እናታችን ስትሞት እትዬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ስድስት። ወዲያው ላውንደሪው ገባች። ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔን ስታዝል፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እናታችንን ስታስታምም የትምህርት ጊዜዋ አልፏል። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ዓመት፣ ከሥራ ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ የዕለቱን ፊደል አስጠናት ጀመር። ሆቴሉ የሚጥለውን የሸሚዝ ካርቶን ታመጣልኝ ነበርና እሱ ላይ እጽፍላታለሁ። ስትሳሳት የራሴ አስተማሪ እንደሚያደርገው እጇን በማስመሪያ መታ አደርጋታለሁ። ቀኑን ሙሉ በመርፌ የተወጋ እጅ ነው።

«ይቅርታ፣ አስተማሪዬ» ትላለች እየሳቀች።

ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እስከ መጨረሻው «አስተማሪዬ» እንዳለችኝ ነው።

መጀመሪያ የሳሙና ካርቶን አነበበች፤ ቀጥሎ የእኔን የመማሪያ መጻሕፍት። እኔ ተምሬ ሥራ ከያዝኩ፣ በትምህርት ቤቱም የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ፣ የላውንደሪው ዋና ተኳሽ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ይህችን ሴት «ባቡር» ይሏታል፤ ካውያዋን ስታነሳ እንፋሎቱ፣ ስትቆጣም ድምጿ ባቡር ነው። ከልጅነቴ ስለማውቃት «እትዬ ባቡር» እያልኩ አንቺ ነው የምላት። ያመጣችው መጽሐፍ የአንድ ተከታታይ ልቦለድ የመጀመሪያው ነበር።

የተከታታዩ ርዕስ ረጅምና ያጌጠ ነው፤ ላውንደሪው ውስጥ ግን ማንም በርዕሱ አይጠራውም። «ጥላ የለሹ» ነው የሚሉት። አንዲት ሰዓት ጠጋኝ ሴት አሮጌ ፎቅ ቤት ላይ አንድ ክፍል ትከራያለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ ሰው የቆመ ሰዓት ይዞ በሯን ያንኳኳል። ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው፤ መብራት ሥር ሲቆም ግን ጥላ የለውም። የሞተ ይሁን የተረገመ አይታወቅም። የቀድሞ ሚስቱን እሱ ይግደላት ሌላ ሰው፣ እሱም አይታወቅም። ሰዓት ጠጋኟ ትፈራዋለች፤ ትወደዋለችም። በየመጽሐፉ አንድ ሰው ይሞታል፣ አንድ የተቆለፈ በር ይከፈታል፣ አንድ ምስጢር ይፈታል። የጥላው ነገር ግን ወደሚቀጥለው መጽሐፍ ያልፋል። እንዲህ እያለ በየዓመቱ አንድ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንድ እየወጣ አሥር ደረሰ።

ስምንቱ ሴቶች የሚያነቡበት ዘዴ ነበራቸው። አንድ መጽሐፍ ለስምንት ሰው፣ ሁሉም ቸኩሎ፣ እንዴት ይሆናል? እትዬ መጽሐፉን በጀርባው በምላጭ ከአምስት ትቆርጠዋለች። እያንዳንዱን ቁራጭ በሸሚዝ መጠቅለያ ወረቀት ትለብጠውና በላዩ በቀይ ክር ምልክት ትሰፋበታለች፤ ለመጀመሪያው አንድ ጥልፍ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እያለ እስከ አምስት። አንዷ አንደኛውን ስትጨርስ ለቀጣዩዋ ታቀብላለች። በምሳ ሰዓት ላውንደሪው ውስጥ አምስት ሴቶች በአንድ መጽሐፍ አምስት ቦታ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። አንዷ ገና ሲያንኳኳ ትሰማለች፣ ሌላዋ ሬሳው ሲገኝ ታለቅሳለች።

ሕጉ አንድ ነው፤ ከፊት ያለች ከኋላ ላለችው አትናገርም። የተናገረች ሳምንቱን ሙሉ የጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች። የጠረጴዛ ልብስ ረጅም ነው፣ ወገብ ይጎዳል። «ራዲዮ» የሚሏት አጣቢ ለሦስት ወር ያህል የጠረጴዛ ልብስ ተኩሳለች፣ በየሳምንቱ በአዲስ ጥፋት።

የእትዬ ተራ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም አምስተኛውን ቁራጭ አንብባ ስትጨርስ አምስቱን በወስፌ በስታ መልሳ አንድ መጽሐፍ የምታደርጋቸው እሷ ናት። የተሰፋው መጽሐፍ ከስታርች ቆርቆሮዎቹ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ዘጠኙ እንደዚያ ቆመው ነበር።

እኔ በዚህ ሁሉ አፍር ነበር።

በልቤ ብቻ አፍሬ ብተወው ይህን አልጽፍም ነበር። አንድ ቀን ጃንጥላዬን ረስቼ ወጥቼ ዝናብ ሲመጣ፣ እትዬ የዕረፍት ቀኗ ነበርና ጃንጥላውን ይዛልኝ ትምህርት ቤት መጣች። በብብቷ የአራተኛውን መጽሐፍ ሦስተኛ ቁራጭ ይዛለች። ርዕሰ መምህሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበሩ። ትሑት ሰው ናቸው። ተነሥተው ሰላም አሏት።

«የኛ መጽሐፍ ጠባቂ እህት ነዎት? ምን እያነበቡ ነው?»

የእትዬ ፊት በራ። «የሚያስፈራ ነው» አለች። «አንዲት ሰዓት ጠጋኝ አለች፤ አንድ ሰው በዝናብ እየመጣ...»

«የእሷ አይደለም» አልኩ። «የሰው ዕቃ ነው፤ ልታደርስ ይዛ ነው።»

እትዬ አየችኝ። ቁራጩን ወደ ብብቷ መለሰችው። «አዎ፣ የሰው ነው» አለቻቸው። ጃንጥላውን ወንበር ላይ አንጠልጥላልኝ በዝናቡ ወጣች። ለራሷ ጃንጥላ አልያዘችም ነበር።

ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ መጽሐፍ ይዛ አትመጣም።

ዘንድሮ አሥረኛው ወጣ። በሽፋኑ ጀርባ «የመጨረሻው» ተብሎ ተጽፎበታል። እትዬ ቆርጣ፣ ለብጣ፣ ምልክቱን ሰፍታ አከፋፈለች፤ የመጨረሻው ነውና ግን ሁሉም አራቱን ሳይጨርሱ አምስተኛው እንዳይነካ ተስማሙ። አራተኛውን ቁራጭ አንብባ እንደ ጨረሰች ሥራ ቦታዋ ላይ ወደቀች። ሳንባዋ ነበር፤ ለካ ከጀመራት ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገረችም። ያስገቧት ክፍል ለአንድ በሽተኛ አንድ ጠያቂ ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ስልክ ማውራት ያደክማት ስለነበር ስልኳም እኔ ጋ ቀረ። ከላውንደሪው ወደ እሷ፣ ከእሷም ወደ ላውንደሪው የሚያልፍ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

በሦስተኛው ቀን ባቡር በሆቴሉ የሠራተኞች በር ላይ ጠበቀችኝ። ራዲዮ ከኋላዋ ቆማለች።

«ይኸውልሽ» አለችኝ ባቡር፣ አምስት ቀይ ጥልፍ ያለበትን ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛ። «አምስተኛው ነው። ማንም አላየውም።»

«ማንም?»

«ማንም። ይህችን ጉድ እንኳ እጇን ጠምዝዘን አስቀርተናታል።»

«አሽትቼዋለሁ ብቻ» አለች ራዲዮ።

«መርፌ ሳታነብ እኛ አናነብም ብለን ተማምለናል። ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ዛሬ ትቅደም። ስትጨርስ ትልክልናለች፤ ከዚያ ተራችንን እናነባለን። ድና ስትመጣ ደግሞ ትሰፋዋለች።»

«እሷ ካነበበች በኋላ ትንሽ ፍንጭ...» አለች ራዲዮ።

«የጠረጴዛ ልብስ» አለች ባቡር ሳትዞር።

ቁራጩን ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄጃለሁ። ልሰጣት ነበር ማለት እችላለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርና። የእትዬ አልጋ አጠገብ አንድ ወጣት ሐኪም ቆሟል። ሲያየኝ እጅ ነሣኝ።

«ቲቸር» አለኝ። «አላወቁኝም? መጽሐፍ እየቆለፉ የሚያስነብቡን።» ወደ እትዬ ዞረ። «እህትዎ ናቸው እዚህ ያደረሱኝ። እሳቸው ጋ ቀልድ የለም። የማይረባ መጽሐፍ ይዘን ከተገኘን ነጥቀው የሚረባ ይሰጡን ነበር።»

«አውቃታለሁ» አለች እትዬ በደከመ ድምፅ። «እኔንም በማስመሪያ ነው ያሳደገችኝ።»

ሐኪሙ ሳቀ። እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ሐኪሙ ሄደ፤ አሁንም አላወጣሁትም፤ ተመልሶ ቢመጣስ አልኩ። ያደረግሁት ይህን ነው፤ አንድ ልጅ ስለኔ ያለውን ግምት ከእህቴ ፍላጎት አስበለጥኩ።

«አምስተኛው አልመጣም?» አለችኝ።

«ገና አልጨረሱም መሰለኝ።»

«እህ። ባቡር ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱ ነው የሚያዘገያት።»

በማግሥቱ ቁራጩን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። በሽተኛ ነች፣ ሙታን የሚያንኳኩበት ታሪክ አይበጃትም። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ልብ የሚያንጠልጥል ነገር ምን ያደርግላታል። በምትኩ ከቤተ መጻሕፍታችን ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት የተጻፈ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ወሰድኩላት። በማግሥቱ ስሄድ የውኃ ብርጭቆዋ ተቀምጦበታል።

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። «አይነቃነቅም።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ በየቀኑ «አልጨረሱም» እላለሁ። እሷም በየቀኑ ምክንያት ትፈልግላቸዋለች። የሠርግ ወቅት ነው፣ አንሶላ በዝቶባቸው ነው። ራዲዮ ልጇ ታሞ ይሆናል። አዲሱ ማሽን ተበላሽቶ በእጅ እያጠቡ ይሆናል። ሴቶቹ ጥፋት የለባቸውም ብላ በእኔ ፊት ትሟገትላቸው ነበር። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ውሸት እንደ አንሶላ ነው፤ አንዴ ከዘረጉት አራቱን ጫፍ መያዝ ነው።

አንድ ቀን፣ ትንፋሿ ሻል ያለ ቀን፣ ጠየቅኋት።

«ግን ምኑ ነው እንዲህ የሚይዝሽ፣ እትዬ?»

«ዛሬ ጠየቅሽኝ» አለች። ቅር ብሏት አልነበረም፤ ገርሟት ነው። «መፍራት ደስ ይለኛል። በሰው ፍርሃት፣ ተቀምጬ። ሲበዛብኝ እከድነዋለሁ። የራሴን ፍርሃት መች ከድኜው አውቃለሁ?»

«እሺ፣ ፍቅሩስ?»

«እሱ በዝናብ ይመጣል» አለች። ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለችኝ። «ትዝ ይልሻል... አንቺ የት ታውቂዋለሽ። ስምንተኛው ላይ ሰዓት ጠጋኟን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ክዳን ይጭኑባታል። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ሁላችን አለቀስን። ግን ዘጠነኛው እንደሚወጣ እናውቃለን። ቀጣይ ያለው ሰው አይሞትም። ዓመቱን ሙሉ አንሶላ እየጣፍኩ፣ ቀጣይ አለ እላለሁ። ያ ነው የሚይዘኝ።»

«እህ።»

«አሥረኛው ግን የመጨረሻ ነው። አሁን መሞት ትችላለች። ለዚህ ነው የቸኮልኩት፣ አስተማሪዬ። ጥላው ይመለስለታል ወይስ እሷም ጥላዋን ታጣለች? አራተኛው ላይ መብራቱን ይዛ ወደ እሱ ስትሄድ ነው የቆመው። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«ልጅ አትሁኚ፣ እትዬ» አልኳት። «የተጻፈ ነገር ነው።»

«እሱማ የተጻፈ ነው» አለች። «አንቺስ ቁልፍ ይዘሽ የምትጠብቂው የተጻፈ ነገር አይደል?»

ስነሣ እጄን ያዘችኝ። እጇ ትኩስ ነበር፤ ጣቶቿ ጫፋቸው እንደ ቆዳ ጠንክሯል።

«ባይደርስልኝ አንቺ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ቶሎ ቶሎ አታንብቢ። ስታነቢ ትሮጫለሽ።»

በማግሥቱ አመጣዋለሁ ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ መሳቢያውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ስብሰባ ነበረብኝ፣ ከስብሰባው በቀጥታ ሄድኩ፣ ቁራጩ መሳቢያው ውስጥ ቀረ። በአራተኛው ቀን ነርሷ ደወለች።

ከቀብሩ በኋላ ሰባቱ ሴቶች ቤቴ መጡ። የሥራ ልብሳቸውን ለውጠው ስለነበር ሁለቱን ወዲያው አላወቅኋቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ብዙም አልተናገሩም። ሲወጡ ባቡር በሩ ላይ ቀረችና ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ስታለቅስ ነበርና ድምፅ አልነበራትም።

«አነበበችው?»

እውነቱን መናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ስድስቱ ሴቶች ደረጃው ላይ ቆመው ወደ እኛ ያያሉ። እየጠበቁ የነበሩት መልሴን ነው።

«አነበበችው» አልኩ።

«ጨርሳ?»

«ጨርሳ።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች» አልኩ። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም።

ባቡር ወደ ሴቶቹ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። ራዲዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ሳቀች ነው ያለችው? እንግዲያ በደህና አልቋል» አለች። ማንም የጠረጴዛ ልብስ አላላትም። ደረጃውን ሲወርዱ ቀለል እንዳላቸው ከአረማመዳቸው አወቅሁ።

ከሳምንት በኋላ ባቡር በካርቶን ሳጥን ዘጠኙን መጻሕፍትና የአሥረኛውን አራት ቁራጮች ላከችልኝ። ደወለችም።

«ዘጠኙ ያጽናኑሽ፤ ስትጨርሺ ትመልሻቸዋለሽ። አሥረኛውን ግን አንቺ ስፊው። ወስፌዋም ክሯም አንቺ ጋ ነው። አምስተኛውም አንቺ ጋ ነው። ዘንድሮ ተራ የለም፤ ተሰፍቶ ሲመጣ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እየተኮስን እንሰማለን።»

«ሌላ ቅጂ ብትገዙስ? ሻጩ ይኖረው ይሆናል።»

«የሷ እጅ ያልነካውን ምን እናደርገዋለን» አለችኝ።

ዘጠኙን አነበብኳቸው። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ብዬ ጀመርኩ። በሁለተኛው መጽሐፍ የሻይ ዕረፍት ደወሉን ሳልሰማ ቀረሁ። በአምስተኛው፣ ተማሪ ሲገባ የመዝገብ ደብተር ከላዩ ላይ እጭናለሁ፤ ሌሎችን ስቀጣበት የኖርኩትን ነገር በዚህ ዕድሜዬ አደረግሁት። አጻጻፉ ጥሩ ነው አልልም። ሰውየው በየምዕራፉ ይገረጣል፣ ዝናቡ በየገጹ ይዘንባል። ግን ስምንተኛው ላይ ክዳኑ ሲጫንባት መጽሐፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ዘጠነኛው ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ሳይ ትከሻዬ ወረደ። እትዬ ያለችው ይህን ነበር።

በየመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አገኘሁ። በእርሳስ ሳይሆን በመርፌ ነው የምታሰምረው፤ ደስ ካላት መሥመር አጠገብ ወረቀቱን በስታ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ትተዋለች። የፍቅር ቃል ያለበት ቦታ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልነበረም። የሚያስፈራውም ቦታ አልነበረም። የመጀመሪያው ቋጠሮ ሰውየው ከዝናቡ ገብቶ ሰዓት ጠጋኟን «በልተሻል?» የሚልበት ቦታ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ፣ ገዳይ ነው ተብሎ በሚፈለግበት ጊዜ፣ በመስኮት ገብቶ መጀመሪያ የሚላት «እጅሽ ቀዝቅዟል» ነው፤ እዚያም ክር አለ። ሌላ ቦታ «ዛሬ ብዙ ሠራሽ?» ይላታል፤ እዚያም አለ። ዘጠኙን መጻሕፍት አገላብጬ ሌላ ዓይነት ቋጠሮ አላገኘሁም።

ልጅ ሳለሁ እትዬ ከላውንደሪ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «በልተሻል?» ትለኝ ነበር። በየቀኑ። እኔ ደግሞ ካርቶኔን ይዤ እጠብቃታለሁ፤ የዕለቱ ትምህርት አለብን። እኔ እሷን እንዲህ ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ሆስፒታል እያለች ነርሷን ጠይቄያለሁ። እሷን አልጠየቅሁም።

አራቱን ቁራጮችም አነበብኩ። ሰዓት ጠጋኟ መብራቱን ይዛ ወደ ሰውየው ስትራመድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን በዚህ ዓለም ከምናውቃቸው ሰዎች አንድም ያነበበው የለም። መሳቢያውን ብዙ ጊዜ ከፍቼ አምስቱን ጥልፍ በጣቴ ነክቼ ዘግቻለሁ። ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይህንንም ማለት ያሳፍረኛል። ግን እሷ ሳታነብ አናነብም ብለው የተማማሉት ሴቶች እስከ ዛሬ ቃላቸውን ይዘዋል፤ እሷ ማንበቧን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ውሸት መሆኑን የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ባቡር ደወለችልኝ።

«አልደረሰም እንዴ?»

«እየሰፋሁት ነው።»

«መርፌ በአንድ ከሰዓት ነበር የምትጨርሰው።»

«እኔ መርፌ አይደለሁም፣ እትዬ ባቡር።»

«እሱማ አይደለሽም» አለች። ክፋት አልነበረበትም። «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ። እኛ መጠበቅ ለምደናል። ምሳ በልተሻል ግን?»

በልቻለሁ አልኳት። እሱም እውነት አልነበረም።

አራቱ ቁራጮች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አምስተኛው መሳቢያው ውስጥ ነው። ወስፌውን፣ መርፌውንና የቀዩን ክር ጥቅል ከእትዬ ሳጥን አምጥቼ አጠገባቸው አስቀምጫለሁ። ለሴቶቹ አልነገርኳቸውም። ለእትዬ አላነበብኩላትም። መጽሐፉም አልተሰፋም።